ከምንጩ ታሪክ ውስጥ የተሰረዘችው ልጅ

ደምስዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ አልጀምርም። የት እንዳለህ አምናለሁ፤ እዚያ ደህና ነህ። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። ከተለየኸኝ ሁለተኛው ክረምት ገባ። ባለፈው ክረምት ልጽፍልህ አስቤ ነበር፤ ያኔ ግን ብዕር ባነሳ ከለቅሶ በቀር የሚወጣኝ ቃል አልነበረም። ዛሬ የሚያጽፈኝ ለቅሶ አይደለም። ተናድጃለሁ። ስናደድ ዝም እንደምል አንተ ታውቃለህ፤ የዘንድሮው ግን በዝምታ የሚያልፍ ዓይነት አይደለም። የበደሉህ በአደባባይ ነውና እኔም ደብዳቤዬን በአደባባይ እጽፈዋለሁ፤ የፈለገ ያንብበው።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። መንገዱ ሲሰፋ አጥራችን ወደ ውስጥ ገብቷል። የተከልከው ኮክ ከአጥሩ ጋር ተነቀለ፤ በዚያ ዓመት ገና ማፍራት ጀምሮ ነበር። ሜሮን «እማዬ ብቻሽን አትሆኚም» ብላ ከነባሏ ከነልጆቿ ወደ እኛ ቤት ጠቅልላ መጥታለች። ባሏ ያንተ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስልክ ሲያወራ መጀመሪያ ሰሞን ከሳሎኑ ተነስቼ እወጣ ነበር፤ አሁን ለመድኩት፤ ጥሩ ልጅ ነው። ውሃ ዛሬም በፈረቃ ነው። ከዘነበወርቅ የሚመጡት ታክሲዎች ዛሬም ቤታችን ፊት ለፊት ካልቆምን ይላሉ። ቸርች ውስጥ የምትቀመጥበት አግዳሚ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል፤ እኔም ወደ ሴቶቹ ጎን ሄጃለሁ። እንግዲህ ከቤቱ ይህን ያህል ይበቃል።

ምን ያህል ዓመት አብረን ስናስተምር አረጀን። አንተ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ፣ እኔ ሁለተኛ ደረጃ አማርኛ። ማታ ሳሎን ተቀምጠን አንተ የተማሪዎችህን ጽሑፍ፣ እኔም የእኔን ስናርም በየመሀሉ ቀና ብለህ «አልሚ፣ ስሚማ ይቺን» ትለኝ ነበር። አንድ ጊዜ በቴሌቪዥን የጥንት ንጉሥ ድራማ እያየን፣ ጋሻ የያዘው ወታደር እጁን ሲያነሳ የእጅ ሰዓት ብልጭ አለ። ሜሮን ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። አንተ ብቻ ሳትስቅ፣ «እጁ ላይ ያለችውን ሰዓት ማየት ቀላል ነው። አፉ ውስጥ ያለችውን ሰዓት ነው ሰው የማያየው» አልክ። ምን ማለትህ ነው ብንልህ አስረዳኸን። ያ ወታደር የሚናገረው በእኛ ዘመን ቃል ነው፤ እኛ የምንጣላበትን ጠብ ይጣላል፤ እኛ የምንፈራውን ይፈራል፤ በሰዓቱ ስቀን ቃሉን ግን አምነን ተኛን አልከን። በኋላ ክፍል ውስጥም ይህንኑ እያልክ እንደምታስተምር ተማሪዎችህ ነግረውኛል። የሞተን ሰው በኖረበት ዘመን ቃል ስሙት፤ ከዚያ በኋላ በራሳችሁ ዘመን ቃል ጠይቁት፤ ሁለቱን ግን አትደባልቁ። ዕድሜህን ሙሉ ያስተማርከው ይህችኑ ነው ብል አላጋነንኩም።

ታዲያ በራስህ መጽሐፍ ላይ ያንኑ ሠሩብህ።

መጽሐፉን ስል የሰፈራችንን ታሪክ ማለቴ ነው። ጡረታ ከወጣህ በኋላ ከቤት ቤት እየዞርክ ሽማግሌና አሮጊት ስትጠይቅ የኖርክበትን። ከደቡብ ምዕራብ ለንግድ የመጣው፣ ከጉራጌ አገር የመጣው፣ ድሮም እዚሁ ከብቱን ሲያግድ የነበረው፣ ሁሉም በየአፉ ያወራህን በየአፉ ጻፍከው። ዓይንህ ሲደክም የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች አንተ እየነገርከኝ የተየብኩት እኔ ነኝ። ስለዚህ ማንም «ጋሼ እንዲህ ማለታቸው ነበር» ሊለኝ አይችልም። ምን እንዳልክ ጣቶቼ ያውቃሉ።

ከሁሉም ምዕራፍ የምትወደው የምንጩን ነበር። ይህን ደብዳቤ የሚያነበው ሰው እንዲያውቀው ታሪኩን ልድገመው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ሰፈሩ ገና ጫካና ግጦሽ ሳለ፣ ሁሉም የሚቀዳው ከአንድ ምንጭ ነበር። አቶ ኃይሌ የሚባሉ ሰው ቤታቸው ከምንጩ አጠገብ ነው። አንድ ቀን ትንሿ ልጃቸው አስካለ ምንጩ ውስጥ ወድቃ ሞተች። አቶ ኃይሌ ልጃቸውን ቀብረው እንደተመለሱ ወደ ምንጩ የሚወስደውን መንገድ በእሾህ አጠሩት። ከታች የሚኖሩት አቶ በቀለ ከብቶቻቸው ውሃ ቢያጡ እሾሁን ነቅለው ጣሉት። በዚያ ተደባደቡ፤ አቶ በቀለ ክንዳቸው ተሰበረ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ፍርዱ፣ መንገዱ ይከፈት፣ ነገር ግን ሁለተኛ ልጅ እንዳይወድቅበት የአቶ በቀለ ቤተሰብ ምንጩን በድንጋይ ካብ ይክበበው የሚል ነበር። ድንጋዩን አቶ በቀለ ተሰብሮ በነበረው ክንዳቸው ተሸከሙ፤ ሲካብ አቶ ኃይሌም ወጥተው አብረው ካቡ። ታሪኩ ይኸው ነው። ምንጩ ዛሬ ከአስፋልት ስር ነው፤ የሁለቱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ግን እስከ ዛሬ ጎረቤት ናቸው፤ በአንድ ዕድር ይቀባበራሉ።

ይህን የነገሩህ የአስካለ እህት እማማ ዘነበች ናቸው። የዚያን ቀን አብሬህ ነበርኩ። ሳሎናችን ተቀምጠው፣ ነጠላቸውን አገጫቸው ድረስ ስበው፣ እህታቸው ስትወድቅ ለብሳው የነበረውን ቀሚስ ሳይቀር ነገሩህ። ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁህ።

«ስሟን ታስገባልኛለህ? እሷን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።»

«አስገባዋለሁ እማማ» አልካቸው።

አስገባኸውም። እኔው ነኝ የተየብኩት። «አቶ ኃይሌ መንገዱን በእሾህ ያጠሩት ልጃቸው አስካለ ምንጩ ውስጥ ወድቃ ከሞተች በኋላ ነው» ይላል። በዚያ ሰሞን ሜሮን አንብባው፣ በዚያ ዘመን መሬቱ የባለርስት አልነበረም ወይ፣ ስለ ግፉ አትጽፍም ወይ ብላህ ነበር። የሚቀጥለውን ምዕራፍ አውጥተህ ሰጠሃት። ባለርስቱ ጭሰኛውን ምን ያህል እንደሚያስገብረው፣ ጭሰኛው ምን ብሎ እንደሚሳደብ፣ ማን ከመሬቱ እንደተነቀለ ሁሉ እዚያ አለ። ግፉን አልደበቅከውም። ግፍ የራሱ ስም ነበረው፤ በስሙ ጠራኸው። ልጅ የሞተበት አባት ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ሆስፒታል ተኝተህ ሳለ ሥራው አለማለቁ ሲያስጨንቅህ ሳምሶንን አስጠራኸው። የቀድሞ ተማሪህን፣ ዶክተር ሆኖ ዛሬ ራሱ የሚያስተምረውን፣ ቤታችን ሲመላለስ እንደ ወንድ ልጃችን የቆጠርነውን። «ጨርሰህ አሳትመው፤ ማውጫውን ሥራ፤ ሌላውን እንዳለ ተወው» አልከው። እጅህን ይዞ እሺ አለህ። አለቀሰ እንኳ። ለቅሶው የውሸት አልነበረም፤ ይህን ባልጽፍ እኔም እንደነሱ እሆናለሁ።

የመጽሐፉ ምረቃ ሲሆን መሀል ከተማ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ከፊት አስቀመጡኝ። አበባ ሰጡኝ። ፎቶህን ሰቅለዋል፤ ያ ክራባት አንቆህ የተነሳኸውን። አንድ ተናጋሪ ተነስቶ አንተ በደርግ ዘመን ሥርዓቱን የተፋለምክ ታጋይ ምሁር ነበርክ አለ። ሰው አጨበጨበ። ሜሮን ዞር ብላ አየችኝ። አንተ በቀበሌ ስብሰባ ከኋላ ተቀምጠህ፣ ስምህ እንዳይጠራ ትጸልይ የነበርክ ሰው ነህ። የቤት ጸሎት ሲኖረን መጋረጃውን ሦስቴ የምታየው አንተ ነበርክ። ፈሪ መሆንህን ራስህ ትስቅበት ነበር። እኔ በዚያ አላፈርኩብህም፤ እነሱ ግን በዚያ አፍረውብህ ኖሮ ጀግና አደረጉህ።

ይሁን፣ ሙገሳ ነው ብዬ ዋጥኩት። ከዚያ ሳምሶን ራሱ ወጥቶ የምንጩን ምዕራፍ ማንበብ ጀመረ። የሌላ ሰው መጽሐፍ የሚያነብ ነው የመሰለኝ። «የሰፋሪው ወገን ተወካይ የነበረው ኃይሌ የነባሩን ማኅበረሰብ የውሃ ሀብት በመቆጣጠር ብሔር ተኮር የበላይነቱን አረጋገጠ» ይላል። ለሁለቱም ሰዎች የብሔር ስም ለጥፎባቸዋል፤ ያንን ስም እዚህ አልደግመውም፤ እነሱ ሲጣሉ በዚያ አልተጣሉም። የአቶ በቀለ እሾህ መንቀል «የመጀመሪያው ሕዝባዊ የተቃውሞ እንቅስቃሴ» ሆኗል። የድንጋዩ ካብ «በተገዥው ወገን ላይ የተጫነ የጉልበት ቅጣት» ሆኗል። አስካለ የለችም። እስከ መጨረሻው ጠበቅኳት። ልጅቷ የለችም። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ግን ያንተ ነው።

ደምስዬ፣ ሰው መቃብር ቆፍሮ የሬሳ ቀለበት ቢወስድ ሌባ ብለን እናስረዋለን። ከሬሳ አፍ ቃሉን አውጥቶ የራሱን ቃል የከተተውን ግን እናጨበጭብለታለን። እኔም በዚያ አዳራሽ እጄን አበባው ላይ አድርጌ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ነገሩ በአዳራሹ ቢቀር ኖሮ ምናልባት ንዴቴን ከጌታ ጋር ተነጋግሬ በጨረስኩት ነበር። አልቀረም። ያንን ገጽ አንዱ ፎቶ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው፤ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ስልኩ ላይ ደረሰው። የአቶ በቀለ የልጅ ልጅ፣ የዕድራችን ሊቀመንበር እንዳለ፣ መጀመሪያ ደስ አለው፤ አያቱ የትግል መሪ ተብለዋልና ማን ይጠላል። ታናሽ ወንድሙ ግን ከደስታ አልፎ ሄደ። የእማማ ዘነበችን የልጅ ልጆች መንገድ ላይ «የውሃ ሌባ ዘር» አላቸው። በዚያ ላይ መልስ ተመለሰ፤ ድንጋይ ተወረወረ፤ የአንዱ ሱቅ መስታወት ረገፈ። የዕድሩ ስብሰባ ላይ ሰው ለሁለት ተከፍሎ መቀመጥ ጀመረ። በስንት ዓመት ያላየነውን ነገር አየን። ልጆቹ የተጣሉበትን ጠብ አያቶቻቸው ተጣልተውት አያውቁም፤ መጽሐፍ ነው የሰጣቸው።

እማማ ዘነበች ከቸርች ቀሩ። ሁለት እሁድ ባጣቸው ቤታቸው ሄድኩ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ወንበር ሳበችልኝ። ሰላምታዬን መለሱ። ከዚያ በቀስታ፣

«አልማዝ ልጄ፣ ደምሴ እህቴን የት ጣላት?» አሉኝ።

«እሱ አልጣላትም እማማ። እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ፤ ስሟ ነበረበት።»

«አባቴንስ ሌባ ያለው እሱ አይደለም?»

«አይደለም።»

«ስሙ አለበት ይሉኛል። የእሱ ስም ከሆነ እሱ ነው ያለው።»

ምን ልበላቸው? ትክክል ናቸው። ከዚያ ቤት ስወጣ ንዴቴ ሌላ መልክ ያዘ። ለመጽሐፍ ብዬ መናደዴን ትቼ ለአንተ ስም፣ ለእኒያም አሮጊት ብዬ ተናደድኩ። ሜሮን ልከተልሽ ብትል እምቢ ብዬ በማግስቱ ብቻዬን ሳምሶን ቢሮ ሄድኩ።

ተነስቶ ተቀበለኝ፤ ወንበሩን ሰጠኝ፤ ሻይ አዘዘ። ሻዩ ሳይመጣ ጠየቅኩት። አልካደም። መጽሐፉን ያዩት ገምጋሚዎች ንድፈ ሐሳብ የለውም፣ ማዕቀፍ የለውም፣ የመንደር ወሬ ነው ብለው ሊመልሱት ነበር አለኝ። እንዲታተም ሲል እንዳስተካከለው ነገረኝ።

«እትዬ፣ ታሪክ የሚጻፈው ለሕያዋን ነው» አለኝ። «የዛሬ አንባቢ የሚረዳው በዛሬ ቋንቋ ነው። ጋሼ ለሰዎቹ አዝነው ነገሩን ለስላሳ አደረጉት። የዚያ ዘመን የበላይና የበታች የሚባል ነገር እኮ ነበረ። ይህን ሊክዱኝ አይችሉም።»

«አልክድህም። የሚቀጥለው ምዕራፍ ላይ አለልህ፤ ባለርስትና ጭሰኛ ብሎ ጽፎታል። ያንን ምዕራፍ ለምን አሳጠርከው?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች ማስተካከል ጀመረ። ያንን ምዕራፍ ያሳጠረው ለአሁኑ ጠብ ስለማይመች ነው። ባለርስቱም ጭሰኛውም ከየብሔሩ ነበሩ፤ ለሁለት አይከፈሉለትም።

«ልጅቷንስ?» አልኩት።

«እሷ ... የግል ጉዳይ ናት ብዬ ነው። ለትንታኔው አስፈላጊ አልነበረችም።»

ደምስዬ፣ ይህን ሲለኝ አልጮህኩም። ዕድሜዬን ሙሉ የልጆች ድርሰት ሳርም፣ ልጅ የሌላ ሰው ንግግር በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጎ ቃሉን ከለወጠ ቀይ አሰምርበት እንደነበር ነገርኩት። የራስህን ሐሳብ የምትጽፍበት ቦታ ሞልቷል አልኩት። መቅድም ጻፍ፣ የግርጌ ማስታወሻ ጻፍ፣ «መምህሬ ተሳስተዋል» ብለህ የራስህን መጽሐፍ ጻፍ፤ ደምሴ ቢኖር ደስ ብሎት ይከራከርህ ነበር። አንተ ግን አልተከራከርከውም፤ ከሞተ በኋላ አፉን ተዋስከው። እሱ ሊመልስልህ በማይችልበት ቀን ነው ያሸነፍከው። ይህን ሁሉ አልኩት። ከዚያ የዕድሩን ስብሰባ ቀን ነግሬው፣ «ና እና የጻፍከውን ሰዎቹ ፊት አንብበው» አልኩት።

ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። መጣ። ይህን ለእሱ መመስከር አለብኝ። በዕድሩ አዳራሽ፣ በቆርቆሮው ስር፣ ዝናቡ እየደበደበን፣ ግማሹ ሰው በዚያ ግማሹ በዚህ ተቀምጦ፣ ያንን ገጽ አነበበ። ምረቃው ላይ ሲያነበው የነበረው ድምፁ አልነበረም። «ብሔር ተኮር የበላይነት» የሚለው ጋ ሲደርስ ቀና ብሎ እማማ ዘነበችን አያቸው፤ ልጃቸው ደግፋ አምጥታቸው ከፊት ተቀምጠዋል። ንባቡን አቁሞ፣

«እማማ፣ እኔ አባትዎን አላውቃቸውም ነበር» አላቸው።

«ታዲያ ለምን ጻፍካቸው?» አሉት።

በቃ። ከእኔ ንዴት ሁሉ፣ ካንተም ዕድሜ ልክ ትምህርት፣ ይቺ ጥያቄ ትበልጣለች። መጽሐፉን አጥፎ ቁጭ አለ። እማማ ዘነበች እንደ ተቀመጡ ወደ ሰዉ ዞር ብለው ስለ እህታቸው አወሩ። ስሟ አስካለ ይባል እንደነበር፣ ውሃ ሲቀዱ አብራቸው ካልሄድኩ ብላ ታለቅስ እንደነበር፣ የዚያን ቀን ከኋላቸው ተከትላ መጥታ እሳቸው ሳያውቁ እንደወደቀች። አባታቸው እሾሁን ሲያጥሩ ማንንም ውሃ ሊከለክሉ አልነበረም፤ ያንን ቦታ ማየት ነው ያቃታቸው። እናታቸው እስክትሞት ከዚያ ምንጭ ውሃ አልጠጣችም።

ከወዲያኛው ወገን እንዳለ ተነሳ። ሊቀመንበር ስለሆነ ስብሰባውን ሊዘጋ ነው ብዬ ነበር። አያቱ በእሱ ቤት ሲወሱ የሚነገረው ሌላ ነው አለ። እሾሁን የነቀሉ ቀን የሞተችው ልጅ የመቃብር አፈር እንኳ ሳይደርቅ፣ ለከብት ብዬ የሰው ሐዘን ረገጥኩ እያሉ ይጸጸቱ እንደነበር ነው እናቱ የነገረችው። የተሰበረው ክንዳቸው ክረምት ክረምት ሲያማቸው «የእጄን ነው ያገኘሁት» ይሉ ነበር አለ። «ታጋይ ሲሏቸው ደስ ብሎኝ ዝም አልኩ። እሳቸው ቢሰሙት የሚያፍሩበት ነገር ነው» ብሎ ተቀመጠ። አስበው ደምስዬ፤ ጀግና የተባለላቸውን አያቱን በሰው ፊት ወደ ሰውነታቸው መለሳቸው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገውን ድፍረት ብዙ ምሁር የለውም።

ሁሉ ነገር ተስተካከለ ብዬ ግን አልዋሽህም። እማማ ዘነበች ቸርች ተመልሰዋል፤ እንዳለም ቤታቸው ሄዶ ጠይቋቸዋል። ታናሽ ወንድሙ ግን ዛሬም ሰላም አይለንም፤ በመጽሐፍ የተጻፈው አሮጊት አወሩ ተብሎ አይሰረዝም ይላል። ሳምሶን በራሱ ስም ጋዜጣ ላይ እርማት አወጣ፤ አጭር ናት፤ እንደ ፎቶው ገጽ ስልክ ከስልክ አልዞረችም፤ ማን እርማት ያጋራል? አሳታሚው የታተመው ተሸጦ ሳያልቅ ሁለተኛ እትም የለም ብሎኛል። ስለዚህ የአንተ ስም ያለበት ያ መጽሐፍ አሁን እየጻፍኩልህ ሳለ በየመደብሩ ተቀምጧል። አንድ ቀን አንድ ተማሪ አንስቶት «ደምሴ እንደሚለው» ብሎ ይጽፋል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አሳታሚው ባይወድም አንተ የነገርከኝን፣ እኔ የተየብኩትን ምዕራፍ ሳይነካ አባዝቼ ለሁለቱም ቤተሰብ፣ ለቸርቹ፣ ለዩኒቨርሲቲህ ቤተ መጻሕፍት ሰጥቻለሁ። እሱም አቅሜ ነው።

በዚህ መሀል የመቃብርህን ድንጋይ ልናሠራ ሄድን። ሜሮን የምትጽፈውን አዘጋጅታ ነበር፤ ካንተ ፍቅር የተነሳ ረጅም ነው፤ «ለእውነት የኖረ፣ ለማንም ያልተንበረከከ ታላቅ ምሁር» ይላል። ድንጋይ ጠራቢው ቃሉን ቆጥሮ ያምራል አለ። እኔ አይሆንም አልኩ። ልጅህ ተቀየመች፤ «አባቴን ለምን ታሳንሺዋለሽ?» አለችኝ። መንገድ ላይ ሁሉ አልተነጋገርንም። ቤት ስንደርስ አስቀመጥኳትና አወራኋት። አባትሽ ተንበርክኳል ልጄ አልኳት። ቀበሌ ሲጠራው ሄዷል፤ አጨብጭብ ሲሉት አጨብጭቧል፤ አንቺንና እኔን ለማትረፍ ሲል ያላመነበትን ፈርሟል፤ ማታ ደግሞ ትራሱ ውስጥ አፉን ከቶ አልቅሷል። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው እንዲህ ነበር የሚኖረው። ዛሬ ተቀምጠን ያልተንበረከከ ስንለው፣ የፈራውን ፍርሃት፣ እኛን ያተረፈበትን ፍርሃት እንሰርዝበታለን። ሜሮን አለቀሰች፤ ከዚያ ወረቀቱን ራሷ አጠፈችው። ድንጋዩ ላይ ስምህና «የታሪክ መምህር» የሚል ብቻ ነው ያለው።

አንድ ነገር ቃል እገባልሃለሁ። እኔ በሕይወት እስካለሁ አንተን የሚያሳምርህ ሰው ሲመጣ እከለክለዋለሁ፤ ራሴንም ጭምር። ሐዘን ሰውን ያሳምራል፤ ዓመት ባለፈ ቁጥር የሌለህን ቁመት እየጨመርኩልህ ልሄድ እችላለሁ፤ እዚያ ላይ እጠነቀቃለሁ። እንደነበርክ ነው የማስታውስህ። ውሻ ትፈራለህ። መዝሙር ላይ ድምፅህ ይሰበራል፤ ግን ጮክ ብለህ ትዘምራለህ። የሰው ወሬ ስታዳምጥ እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ነው፤ ሳይጨርስ አታቋርጠውም። ክርክር ስትሸነፍ ትኮራለህ፤ ስታሸንፍ ታዝናለህ። ለተማሪ ያዘንክለትን ያህል አንዳንዴ ለእኔ አላዘንክልኝም፤ እሱንም አልረሳም፤ ያንተው ነውና።

እንዲህ ሆነህ ነው የወደድኩህ። እንዲህ ሆነህ ትቆየኛለህ።

ያንተው አልማዝ
ኮልፌ